እንጦጦ የወጣው ብረት

ምላሴ ፈጣን ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። እናቴ «አንቺ፣ አፍሽ ከጭንቅላትሽ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ «እባክሽ ዛሬ እንኳ ዝም በይ» በሚል ዓይን ያየኛል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ነገሩን እንደ ጌጥ ነበር የማየው። ሰው የሚስቅበት ቦታ ሥራ አይከብድም ብዬ አምን ነበር። አሁን ስልኬ ሲጠራ፣ በተለይ ቁጥሩን ካላወቅሁት፣ ከማንሳቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ።

የምንሠራው አዲስ አበባ፣ ወሰን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከጋራዦቹ መሀል ባለች አንዲት ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ያለቁ የትራክተርና የኮምባይነር ዕቃዎችን እናድሳለን። «እናድሳለን» ስል እኔና የቶርኖ ባለሙያ የሆነው ባልደረባዬ ማለቴ ነው፤ ሌላ ሰው የለንም። ሥራችንን ባጭሩ ለማስረዳት፣ እሱ ይልጣል፣ እኔ አለብሳለሁ። ትራክተር ማረሻውን የሚያነሳበትና የሚያወርድበት በዘይት ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር አለው። ከሲሊንደሩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚል ዘንግ አለ። እርሻ ላይ አቧራ አይጠፋምና ዘንጉ ከዓመት ዓመት ይጫጫራል፤ የተጫጫረው ዘንግ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ይቆርጠዋል፤ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ማረሻውን አንስቶ ቢያቆመው እንኳ ቀስ እያለ ብቻውን መሬት ይወርዳል። አዲስ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ የእርሻው ወራት ያልፋል። ስለዚህ ወደ እኛ ያመጡታል።

ባልደረባዬ የተጫጫረውን ፊት በቶርኖ ልጦ ያስተካክለዋል። እኔ ዘይቱን አጥቤ፣ በአሲድ አጽድቼ፣ ለብ ያለ አረንጓዴ የኒኬል ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ አንጠልጥዬ ኤሌክትሪክ እለቅበታለሁ። ኒኬሉ ከውሃው እየወጣ ብረቱን ይለብሰዋል። ኒኬል ብቻውን ግን ለእርሻ አቧራ አይመክትም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ከዱቄት የላመ፣ እጅግ ጠንካራ የካርባይድ ብናኝ እንጨምራለን፤ ኒኬሉ ብረቱ ላይ ሲጋገር ብናኙንም አቅፎ ይይዘዋል። ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃው ብቻውን እንዳይሰነጠቅ ጭድ ይገባበት የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ብናኙ እንዳይዘቅጥ ከገንዳው ሥር አየር እየነፋን ውሃው እንዲፍለቀለቅ እናደርጋለን። ሲወጣ አያብለጨልጭም፤ ደብዘዝ ያለ አመድማ ነው። ክሮም የለመዱ ደንበኞች «ምነው፣ ሳትጨርሱት ሰጣችሁን እንዴ?» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ያን የሚፍለቀለቅ ውሃና በገመድ ተንጠልጥሎ አንገቱ ድረስ የተነከረውን ብረት አየሁና «ይሄ ሰውዬ እኮ እንጦጦ ወጥቷል!» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳው ስሙ እንጦጦ ሆነ። ዕቃ ሲነከር «ጠበል ገባ»፣ ሲወጣ «ዳነ»፣ ልባሱ ሳይይዝ ሲቀር ደግሞ «ጋኔኑ አልለቅ አለ» እንላለን። «እንላለን» ብል ባልደረባዬን እበድለዋለሁ፤ የምለው እኔ ነኝ። እሱ ሙስሊም ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሳቅ አለና «ይሄን እኔ ብዬው ቢሆን ምን ትይኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳቅኩ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ገንዳውን አንድም ቀን ከገንዳ በቀር በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

የሥራችን ጠላት የመብራት መጥፋት ነው። ዕቃው ገንዳ ውስጥ ሳለ መብራት ከሄደና ቶሎ ካልመጣ፣ የለበሰው ኒኬል ፊቱ ያንቀላፋል እንላለን፤ በላዩ የሚመጣው ልባስ በደንብ አይይዝም። ለዓይን ምንም የለውም። ባልደረባዬ ለልኩ ሲሞርደው ግን እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ያኔ ሁሉንም ገፍፎ ከሀ መጀመር ነው።

ያ ዘንግ ከአርሲ ነበር የመጣው። ያመጣው አንድ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ሃያዎቹን ያላጋመሰ፣ በማዳበሪያ ጆንያ የጠቀለለውን ብረት በትከሻው ተሸክሞ ከአውቶቡስ ተራ እኛ ድረስ በታክሲ የመጣ ልጅ። ስለ ሥራው ስንነጋገር ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ስለነበር በእኔ ስልክ ምንጃር ወላጆቹ ጋ ደወለ። መስመሩ መጥፎ ነበርና ግቢው እስኪሰማ እየጮኸ «አዲስ አበባ ነኝ! ደህና ነኝ! ዕቃ ላሠራ ነው!» አለ። ሲጨርስ ለእኔ ይቅርታ የጠየቀኝ ያህል «አባቴ ትራክተር አይወድም። በሁለት በሬ ነው የሚያርሰው። ትራክተር አፈሩን ያቃጥለዋል ይላል» አለኝና ሳቀ። በማግስቱ ወደ እርሻው ተመለሰ። እርሻው ያለበት ቦታ ኔትወርክ አያገኝም።

የትራክተሩ ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ ጨዋታ የሚያውቁ፣ ስልክ በየቀኑ የሚደውሉ ጎልማሳ። ያን ዘንግ «ልጄ» ነበር የሚሉት። «ልጄ እንዴት አደረ?» ብለው ይጀምራሉ፤ እኔም «ልጅዎ ቁርሱን አልበላ አለ» ወይም «ዛሬ ፈገግ ብሏል» እላለሁ። ቋሚ ስልክ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ከሻይ ቤት፣ ነገ ከጎረቤት ስልክ ነው። ስለዚህ የማላውቀው ቁጥር ቢደውል ለእኔ እንግዳ አልነበረም።

መጀመሪያ ያለበስነው ልባስ መብራት ጠፍቶ ተላጠ። እንደገና አለበስን። ያን ቀን ጠዋት ባልደረባዬ መሞረድ ሲጀምር ይሄኛውም ተላጠ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ ብሎ ለደንበኛ መናገር የባለሙያ ሞት ነው፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ። ልባሱን ገፍፈን፣ አጥበን፣ ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ገንዳ ከተትነው። ገና እጄን ሳልታጠብ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሃሎ! ልጄ እንዴት ነው? ልጄ ደህና ነው?» አለኝ የወንድ ድምፅ።

ባለ ትራክተሩ መሰሉኝ። እውነቱን ከመናገር ቀልዱ ቀለለኝ።

«ልጅዎማ ብሶበታል» አልኩ።

«ምን? ምን ሆነብኝ?»

«ቆዳው ተላጠ። ከላይ እስከ ታች።»

«ወይኔ ልጄን! አሁን የት ነው?»

«እንጦጦ ወጥቷል። ጠበል አስገብተነዋል። ሱባኤውን ሳይጨርስ አይወርድም።»

«ይናገራል?»

«ኧረ ትንፍሽም አይል!»

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «መጠየቅ... ይፈቀዳል?» የሚል ሰማሁ። «ጠያቂ ክልክል ነው!» ብዬ ሳቅኩ። ስልኩ ተዘጋ። «ሰውዬው ዛሬ ቲያትሩን አሳምረውታል» አልኩት ባልደረባዬን። ድምፁ ከወትሮው ያረጀ መሆኑ ተሰምቶኝ ነበር። የኔትወርኩ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ባለ ትራክተሩ ደወሉ። «ልጄ እንዴት አደረ?»

«ትናንት ነግሬዎት የለ?»

«ትናንት መቼ ደወልኩና?» አሉ።

የትናንቱን ቁጥር አወጣሁ። ልጁ በእኔ ስልክ የደወለበት የምንጃሩ ቁጥር ነበር።

መልሼ ስደውል ያነሱት የልጁ እናት ናቸው። «አቤት» ሲሉ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ከኋላቸው የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ባላቸው ትናንት ማታውኑ ወደ መኪና መንገድ ወርደው፣ ጎህ ሲቀድ በተገኘው የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ስልኩን ትተውት ነው የሄዱት፤ ቤቱ ያለው አንድ ስልክ ነው።

«እማማ፣ ለምን መልሰው አልደወሉልኝም?» አልኩ።

«ሞተ እንዳትይኝ ፈርቼ» አሉ።

ያኔ ነው የሠራሁት ነገር ሙሉ መልኩን የያዘው። በእኛ አገር ሩቅ ላለ ቤተሰብ በስልክ «ታሟል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ቀጥሎ «ጠበል ገብቷል»፣ ከዚያ ሰው እንዲመጣ ይደረጋል፣ ወሬው በደጅ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ በሽታውንም፣ ጠበሉንም፣ «አይናገርም»ንም፣ «አይጠየቅም»ንም በአንድ ትንፋሽ ደርድሬላቸው ነበር። እነዚያ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው።

«እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው። የታመመው ብረት ነው። እኔ የምሠራው ብረት...» አልኩ። ይህን ስናገር የራሴ ጆሮ አላመነኝም። እሳቸውም አላመኑኝም።

«ልታጽናኚኝ ነው፣ ልጄ። ይገባኛል። ድምፁን ካልሰማሁ ግን...» ብለው አልጨረሱም።

ለባለ ትራክተሩ ደወልኩላቸው። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቼያቸው አላውቅም። «ልጁ እርሻው ላይ ነው! የገብስ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነው ያደረው! ራሴ በሞተር ሄጄ አመጣውና ለእናቱ አስደውለዋለሁ፤ በመጀመሪያው መኪና ወደዚያ እልከዋለሁ» አሉና ዘጉብኝ። ዕቃቸው የት እንደደረሰ አልጠየቁኝም።

ባልደረባዬ ሁሉንም ሰምቷል። ቶርኖውን አጥፍቶ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «ሂጂ። ገንዳውን እኔ አየዋለሁ» ብቻ አለ።

በመገናኛ አድርጌ እንጦጦ ሥር ያለው ፈረንሳይ ሰፈር ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የሥራ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም፤ ደረቱ ላይ የኒኬል አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበረው። ዳገቱ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እያጎነበሱ ይወርዳሉ። ከእነሱ አንዷን አንድ ሽማግሌ አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሸክሟን ሳታወርድ ቀና ብላ አየችኝና «ልጃቸውን የሚፈልጉት? ጠዋት ከእኔ ጋር ነው የወጡት። አንቺ እህቱ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። ማን ነሽ ብትለኝ ምን እመልስ እንደነበር አላውቅም። አቋራጩን በአገጯ አሳየችኝ።

ጠበሉ ቦታ ስደርስ ነጠላ የለኝም። ሱሪ ለብሻለሁ። ጧፍ የምትሸጥ ሴትዮ ካየችኝ በኋላ ሳልጠይቃት የራሷን ተጨማሪ ነጠላ ከዘንቢሏ አውጥታ ሰጠችኝ። ተከናነብኩ። ሰልፉን የሚያስተናግድ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ እሱን ጠየቅሁት።

«ከምንጃር የመጡት አባት? ያላንኳኩት በር የለም። ቆዳው የተላጠ፣ የማይናገር ልጅ ነው አሉን። ቆዳቸውን ያመማቸው ልጆች ሁሉ ከየቤቱ እየወጡ ፊታቸውን አሳዩዋቸው፤ ምናልባት መልኩ ተለውጦ ልጃቸውን ሳይለዩት እንዳይቀሩ። አንዳንዱ ሰው ፊት ከወጣ ዓመት የሞላው ነው። ለእሳቸው ሲል ወጣ» አለኝ።

እዚያው ቁጭ ማለት ፈለግሁ። በሕይወቴ አፍሬ አውቃለሁ፤ ፈተና ወድቄ፣ ሰው ፊት ተሰድቤ አፍሬ አውቃለሁ። ይሄ ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። በሽታቸውን ከሰው ዓይን የሸሸጉ ልጆች፣ እኔ ወሰን ላይ ሆኜ በአንድ ብረት ላይ ለቀለድኩት ቀልድ ሻሻቸውን እየፈቱ ፊታቸውን ለማያውቁት ሽማግሌ አሳይተዋል። የማንን እግር ይዤ ይቅርታ ልበል? ስማቸውንም መልካቸውንም አላውቅም።

አባትየውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር አገኘኋቸው። ቀጭን ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ጎናቸው አስቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የጨርቅ ጥቅል አለ። አጠገባቸው ስንበረከክ ደነገጡ፤ መርዶ ነጋሪ መሰልኳቸው መሰለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ «ልጅዎ በሕይወት አለ፣ ደህና ነው» አልኩ። ከዚያ ስልኩን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ ልጃቸው ከአርሲ ያመጣውን ብረት እንደማድስ፣ ቆዳው የተላጠው ብረቱ መሆኑን፣ እንጦጦ የምለው ገንዳ መሆኑን ነገርኳቸው። እየሰሙ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም።

«ብረት?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«የሚናገር ብረት አለ እንዴ? ይናገራል ወይ ስልሽ አይናገርም አልሽኝ።»

«ቀልድ ነበር፣ አባቴ። ሌላ ሰው መስለውኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በግንባራቸው ተደፍተው መሬቱን ሳሙ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር። «ተመስገን፣ ልጄ ደህና ነው» አሉ። ደጋግመው ነው ያሉት፤ እኔን አልነበረም የሚያናግሩት።

ጥቅሉን ፈቱልኝ። ብዙ ታጥቦ የሳሳ አሮጌ ጋቢ ነበር፤ «አዲስ ጨርቅ የተላጠ ገላ ይቧጥጣል ብላ እናቱ ይሄን መርጣ ሰጠችኝ» አሉ። በጋቢው ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አለ፤ ቆዳውን ሊቀቡት ነው። ያን ጊዜ ማልቀስ ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ አላለቀስኩም፤ እሳቸው ፊት ማልቀስ መብቴ መስሎ አልታየኝም።

ዳገቱን መውረድ ስንጀምር ነው የነገሩኝ። «እንግዲህ ዳልቻው በሬዬ መሄዱ ነው» አሉ፣ ስለ አየር እንደሚያወራ ሰው።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ጠዋት ደጃፉ ላይ ተስዬ። እመቤቴ፣ ልጄን በእግሩ ቆሞ ካሳየሽኝ ዳልቻ በሬዬን ለቤትሽ አስገባለሁ ብዬ።»

ቆምኩ። ሁለት በሬ ነው ያላቸው፤ ልጃቸው ነግሮኛል። እርሻ ሊጀመር ነው። «አባቴ፣ ልጅዎ እኮ ድሮውንም አልታመመም ነበር። ስለቱ በእኔ ውሸት ላይ የተመሠረተ ነው። እንዴት ይቆጠራል?»

«እኔ ከበሽታ ካዳንሽው አላልኩም። በእግሩ ቆሞ ካሳየሽኝ ነው ያልኩ። ይቆማል አልቆመም?»

«ይቆማል።»

«እንግዲያስ ስለቴ ደረሰ» አሉና መንገዱን ቀጠሉ።

በሬ እኔ ልግዛ ብዬ ለመንኳቸው። ባልደረባዬም በኋላ ለመናቸው። «በሰው በሬ የእኔን ስለት?» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም፤ ስድብ የሰሙ ያህል ፊታቸው ይቀየራል። ስለዚህ ተውን። እስከዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ያጠፋሁትን እንድክስ ቀዳዳ አልተዉልኝም። በክፋት አይደለም፤ ነገሩ በእሳቸውና በተሳሉላት መካከል ያለቀ ጉዳይ ነበርና እኔ እዚያ ውስጥ ቦታ አልነበረኝም።

ወሰን ስንደርስ «የታመመውን አሳዪኝ» አሉ። ፈገግ ብለው ነው። ገንዳው ዳር ወሰድኳቸው። አረንጓዴው ውሃ ይፍለቀለቃል፤ ዘንጉ ተንጠልጥሏል። «ይሄ ነው እንግዲህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ቅቤውን የያዙበት እጅ ነበር። ቅባት የነካው ውሃ ልባሱን ያበላሻል፤ የልማዴ ነገር «አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላቸው ደበቁት፤ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ። «ይቅርታሽን፣ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ባልደረባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ቀን የካ አባዶ እቤቴ ወሰድኳቸው። ታክሲው ውስጥ ኮንዶሚኒየሞቹን በመስኮት እያዩ ይህ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚበላው ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ እሳቸው ፊት ምንም አላለችም፤ እግራቸውን እንዲታጠቡ ሙቅ ውሃ አቀረበች። ጓዳ ስንገባ ግን በዝግታ «እኔ ለጉልበቴ ጠበል የወጣሁ ጊዜም እንዲህ ስትቀልጂብኝ ነበር?» አለችኝ። አልነበረም። ግን ያን ጊዜ ገንዳው ገና ስም ስላልወጣለት ነው እንጂ እኔ ስለምሻል አይደለም።

ልጁ በማግስቱ ደረሰ። ልብሱ ላይ የአርሲ አፈር እንዳለ ነው። አባቱ ከተቀመጡበት ተነስተው ሄዱ። በሕይወት እንዳለ ያውቃሉ፤ በባለ ትራክተሩ ስልክ ማታውኑ እሳቸውም እናቱም ድምፁን ሰምተዋል። ቢሆንም የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰበሰቡና ቆዳውን አዩት። ግራውን አይተው ቀኙን ሰበሰቡ። ኮሌታውን ገለጥ አድርገው አንገቱን አዩ። ልጁ እንደ ሕፃን ቆሞ ዝም አለላቸው።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ልጁ «በስልክ ምን አልሻቸው?» አለኝ። ቃል በቃል ነገርኩት። ምንም አልቀነስኩም።

«ሳቅሽ?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ስለ በሬው ነገርኩት። «ዳልቻውን?» ብሎ ቀና አለ። ጥጃ ሆኖ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው። አባቱን ይዞ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ፤ ሊለቁት ስላልፈለጉ ምንጃር ድረስ አደረሳቸው።

ሦስተኛው ልባስ ያዘ። ባልደረባዬ ከጎረቤት ጋራዥ ጄኔሬተር ለምኖ አስቀምጦ ነበርና መብራት ሲጠፋ እንኳ ገንዳው አልቆመም። ሲሞረድ አንድም ቦታ አልተነሳም፤ ደብዛዛ፣ አመድማ፣ ጠንካራ። ባለ ትራክተሩ ተቀብለው ሄዱ። ማረሻው አሁን በተነሳበት ይቆማል አሉኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ ሳምንት ሙሉ ያስፎክረኝ ነበር። የዚያን ቀን «ዳነ» ያለ ሰው አልነበረም። ገንዳውም ገንዳ ሆነ።

ምንጃር ግን መደወል አላቆመም። ልጁ አሁንም ኔትወርክ በሌለበት እርሻ ላይ ነው፤ አባቱ ደግሞ የሚያውቁት ቁጥር የእኔን ነው። ስለ ልጃቸው ወሬ የሚያገኙት ከእኔ ነው ማለት ነው። ሲደውሉ እኔ ባለ ትራክተሩን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ መልሼ እደውልላቸዋለሁ። በጥሩ ድምፅ ነው የሚያናግሩኝ። ስለ እናቴ ጉልበት ይጠይቁኛል። ባለፈው ክረምቱ ሲገባ ስለ እርሻው ጠየቅኋቸው። ዳልቻው ከሄደ በኋላ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤታቸው ጋር ተቀናጅተው እንደሚያርሱ ነገሩኝ፤ አንድ ቀን የእሳቸው መሬት፣ አንድ ቀን የጎረቤቱ። ዝናቡ ግን አይጠብቅም፤ የታችኛው ማሳቸው ሳይዘራ አልፏል። ይህንም ስለ አየር እንደሚያወራ ሰው ነው የነገሩኝ።

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «ልጄስ እንዴት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው፣ አባቴ። ዛሬ ጠዋት ባለ ትራክተሩ አይተውታል። እያረሰ ነው።»

መስመሩ ላይ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ይህች ዝምታ በየስልኩ ትመጣለች፤ ምን እንደሚከተላትም አውቃለሁ። ቂም የለባትም፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዳያስቀይሙኝ እየተጠነቀቁ ነው የሚጠይቁኝ።

«የምርሽን ነው፣ ልጄ?»

«የምሬን ነው» እላለሁ። እሳቸውም የልጃቸውን ድምፅ በራሳቸው ጆሮ እስኪሰሙ ድረስ አያምኑኝም።